በነባሩ ጂንካ ሐዲስ ቤት መሥራት

ስለ ጥንታዊ ሰፈር በተነገረ ጊዜ የብዙ ሰው ሐሳብ ቀድሞ የሚሄደው በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ወደ ተመዘገበው ወደ ሐረር ጀጎል ወይም ወደ ጎንደር አብያተ መንግሥት ቢሆንም፣ በአሪ ምድር ያለችው ጂንካም፣ የድንጋይ ቅጥር ባይከባት እንኳ፣ ቀድሞ አውሮፕላን ያርፍበት የነበረውን ሰፊ የሣር ሜዳ መካከል አድርገው በተሠሩት፣ ጓሯቸው እንሰትና ቡና በሆነ የጭቃ ቤቶቿ የራሷ ትውፊት ያላት ከተማ ናት።

የጭቃ ቤት ላላየው ሰው ቀላል ይመስላል እንጂ ብዙ ትዕግሥት የሚሻ ጥበብ ነው። የባሕር ዛፉ ቋሚ ምስጥ እንዳይበላው እግሩ በእሳት ተለብልቦ ወይም የተቃጠለ የሞተር ዘይት ተቀብቶ ይተከላል፤ ማገሩ ከውስጥም ከውጭም ይመታል፤ ጭቃውም ከጭድ ጋር እየተረገጠ፣ ውሃ እየተጨመረበትና እየተገላበጠ ለቀናት ከቦካ በኋላ ይመረጋል፤ የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ ሲሰነጠቅ ሁለተኛው ይደፍነዋል፣ ከዚያም ልስኑ ይከተላል። እንዲህ የተሠራ ግድግዳ የሚፈራው ውሃን ነው፤ ስለዚህም አበው ክዳኑን ከግድግዳው አሳልፈው በረንዳ አወጡለት፣ እግሩንም በድንጋይ ከፍ አደረጉት።

አሁን ግን በየመንደሩ የብሎኬት ቤት እየበዛ ነው፤ ይህንንም ማንም ሊነቅፈው አይገባም፤ ምስጥ የማይበላው፣ በየዓመቱ መመረግ የማያሻው ቤት መመኘት የተገባ ነውና። መጠነኛ መኖሪያ ቢሆን እንኳ ያለ ግንባታ ፈቃድ አይጀመርም። ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ውሃ መጠጣት አለበት፤ ጥንካሬውም የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው። ባለቤቱ ቸኩሎ ይህን ቢያስቀር በኋላ የሚታየውን ስንጥቅ ቀለም አይሸፍነውም።

እኔን እጅግ የሚያሳስበኝ ግን የጎረቤት ነገር ነው። ሐዲሱ ቤት ግቢውን በገረጋንቲ ሞልቶ ከፍ ካደረገ፣ ምድሩንም እስከ አጥር ድረስ በሲሚንቶ ከሸፈነ፣ ቀድሞ በእንሰቱ ሥር ይሰርግ የነበረው ዝናብ መሄጃ አጥቶ ወደ ጎረቤቱ የጭቃ ግድግዳ እግር ይወርዳል፤ በጥቂት ክረምትም ልስኑ ይረግፋል፣ ቋሚው ይበሰብሳል። ከከተማው በላይ በኮረብታ ላይ ያለው የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም የብሔረሰቦቹን የእጅ ሥራ በክብር ይጠብቃል፤ የሰፈሩን ቤት ግን ከጎኑ የሚሠራው ሰው ካልጠበቀው ማንም አይጠብቀውም።

ስለዚህ በዚያ ሰፈር ቤት ለመሥራት የምታስቡ ሁሉ፣ ፕላኑን ስታስነሡ የውሃውን መውረጃ ወደ መንገዱ ቦይ አድርጋችሁ አስነሡ፣ በረንዳውን አታስቀሩ፣ የጓሮውንም እንሰት ከመንቀላችሁ በፊት ጎረቤታችሁን አማክሩ።