ጭዱ ወጣ፤ ምን ተተካ?

ከደብረ ሲና ወደ አርማንያ በሚወርደው መንገድ ዳር አባትና ልጅ በአንድ ግድግዳ ሲሟገቱ አገኘኋቸው። የሄድኩት ስለ ሸዋ ሮቢት የሽንኩርት ገበያ ለመጻፍ ነበር፤ እዚያ ደጅ የቆምኩት የመኪናችን ጎማ እስኪቀየር ነው። ልጁ በደብረ ብርሃን የሕንፃ ሥራ ላይ የቀን ሠራተኛ ሆኖ የከረመ፣ እጁ ስሚንቶ የለመደ ወጣት ነው። አባትየው ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ቤት ሲመርጉ የኖሩ ናቸው።

«አባዬ፣ ክረምት በወጣ ቁጥር ጭቃ ማቡካት እስከ መቼ ነው? በብሎኬት ሠርተን እንገላገል» ይላል ልጁ።

«ፌሮ መግዣ አለህ?»

«ለአንድ ክፍል ቤት ፌሮ ምን ይሠራል?»

«እንግዲያው እናትህን ምንም በማይዘው ግድግዳ ሥር አታስተኛትም!»

ጎማው ተቀየረ፤ ስለ ሽንኩርቱም ጻፍኩ። የአዛውንቱ ንግግር ግን አልለቀቀኝም። ግድግዳን የሚይዘው ምንድን ነው? ከዚያ ወዲህ መሐንዲስም ግንበኛም የጂፕሰም ሠራተኛም ባገኘሁ ቁጥር የምጠይቀው ይህንኑ ሆነ። መልሱ ከጤፍ ጭድ ተነስቶ እስከ አውሮፕላን ክንፍ የሚደርስ ነው። ለይፋት ሰው ደግሞ የዕውቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ማታ ተኝቶ ጠዋት የመነሳት ጉዳይ ነው።

የማያርፍ መሬት

ይፋት ከሸዋ ደጋ ተቆርሶ ወደ ስምጥ ሸለቆ የሚወርድ አገር ነው። በግንቦት 1953 ዓ.ም. የጀመረው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈረሰ፤ ካራ ቆሬን ክፉኛ ጎዳ፤ ወደ ደሴ የሚወስደውን ዋና መንገድ ሰነጣጠቀ፣ በናዳም ዘጋ። ይህን ታሪክ በዝርዝር መዝግቦ ያቆየልን ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዋን ነው። ጉዋን በአዲስ አበባ የሥነ ምድር ፊዚክስ መከታተያ ጣቢያውን እ.ኤ.አ. በ1957 የመሠረተ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ደግሞ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በመጽሐፍ ያሳተመ ሰው ነው።

በመስከረም 1998 ዓ.ም. ደግሞ በደብረ ሲና አካባቢ ይዛባ ወይንና ሾተል አምባ ላይ መሬቱ ተንሸራትቶ ቤትና ማሳ ይዞ ወረደ፤ ብዙ ቤተሰብ ከቀዬው ተፈናቀለ። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ለወራት የዘለቀውን የመሬት ነውጥ አንባቢ አይረሳውም። የካቲት 7 ቀን ሌሊት የተመዘገበው መጠኑ 6.0 ነበር፤ አዲስ አበባ ድረስ ሰውን ከአልጋ አስነስቷል። በኋላ ተመልሼ ሳነጋግራቸው መራጊው አዛውንት ያን ወቅት ሲያስታውሱ ድምፃቸው አልተለወጠም።

«ቆርቆሮው ተንጫጫ፤ ከማጀት ዕቃ ወደቀ። ግድግዳው ግን ተወዛውዞ ተመለሰ። ተሰነጠቀ እንጂ አልወደቀም። የተሰነጠቀውን በማግስቱ መረግሁት።»

ጭዱ ምን ይሠራል?

አዛውንቱ ሲሠሩ አይቻለሁ። አፈሩ ተቆፍሮ፣ ድንጋዩ ተለቅሞ፣ ውኃ ጠጥቶ ያድራል። ከዚያ ጭድ ይነሰነስበትና በእግር ይረገጣል፤ ይገለበጣል፤ ደግሞ ይረገጣል። ለቀናት ተትቶ እንዲብላላ ይደረጋል፤ ሲነሳ ሽታው ይሰነፍጣል። አዛውንቱ ጥቂት ቆንጥረው በሁለት ጣት መካከል ይስቡታል። ጭቃው ወዲያው ከተቆረጠ «ገና ነው» ብለው ጭድ ያስጨምራሉ። ጭዱ እየተጎተተ ቀስ ብሎ ከተለያየ «ይሄ ይይዛል» ይላሉ።

የመጀመሪያው ምርጊት በአጠናውና በማገሩ መካከል ወፍራም ሆኖ ይገባል። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ መሰንጠቁ ይጠበቃል። ሁለተኛው ስንጥቁን ይሞላል። የመጨረሻው ልስን ደቃቅ የጤፍ ጭድ ይፈልጋል፤ አንዳንዱ እበትም ይጨምርበታል። ከደጋ የሚወርደው የገብስ ጭድ ወፍራም ስለሆነ ለታችኛው ምርጊት እንጂ ለልስን አይመረጥም።

«ጭቃ ያለ ጭድ መሬት ነው» አሉኝ፤ «ጭድ ሲገባበት ነው ግድግዳ የሚሆነው።»

መሐንዲሶች ይህንኑ በሌላ ቋንቋ ይናገሩታል። ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራል። ጭድ ከሌለው መኮማተሩ አንድ ቦታ ተጠራቅሞ ትልቅ ስንጥቅ ይከፍታል፤ ጭድ ካለው ውጥረቱ ተበትኖ ብዙ ጥቃቅን ስንጥቅ ይሆናል። ስንጥቅ ቢከፈት እንኳ ጭዱ በሁለቱ ከንፈሮች መካከል ተዘርግቶ ይይዛል። ግድግዳው ከመውደቁ በፊት ጉልበት ይበላል፤ ያ ጊዜ ሰው የሚወጣበት ጊዜ ነው። ኮንክሪትም ያው ነው። ሲጫኑት ብርቱ ነው፤ ሲስቡት ግን አቅሙ ከአንድ አስረኛ ብዙም አይዘልም። ፌሮ የሚገባበት ለዚህ ነው።

ማገሩ የሚታሰርበትም ነገር የራሱ ሥራ አለው። ዱሮ ልጥ ነበር፤ ዛሬ ሚስማር ነው። አዛውንቱ ሚስማሩን አይወዱትም። «ልጥ ይላላል እንጂ አይሰበርም። ሚስማር እንጨቱን ሰንጥቆ ይወጣል» ይላሉ። በነውጥ ጊዜ መገጣጠሚያው ላላ ብሎ ጉልበት መብላቱ የእንጨት ቤት ዋና መዳኛ ነው።

ረጅሙ የዘር ሐረግ

ነገሩ አዲስ አይደለም። ፈርዖን እስራኤላውያን ጡቡን እንደ ቀድሞው ቁጥር እየሠሩ ጭዱን ግን ራሳቸው እንዲለቅሙ ማዘዙን ከኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 5 የማያውቅ የለም። ጡብ ያለ ጭድ እንደማይሆን ግብጾች ያን ጊዜም ያውቁ ነበር። የአክሱም ግንበኞች ደግሞ ድንጋዩን በአግድም እንጨት እያሰሩ ነበር የሚክቡት፤ በላስታ ዋሻ ውስጥ ያለው ይምርሐነ ክርስቶስ እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀበት እስከ ዛሬ ቆሟል።

ይፋትም የራሱ ቅርስ አለው። ፍራንስዋ ሐቪየ ፎቬልና ቤርትራን ሂርሽ የመሩት የፈረንሳይ ቡድን ከ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ በኋላ ኖራን፣ አስባሪንና መሳልን የመሳሰሉ የይፋት ሱልጣኔት ዘመን ከተሞች ፍርስራሾችን አጥንቷል። ከከሚሴ ወዲያ ባለችው ሾንኬ ደግሞ የአርጎባ ቤተሰቦች በድንጋይ፣ በእንጨትና በጭቃ በተሠሩ ጥንታዊ ቤቶች እስከ ዛሬ ይኖራሉ።

በከተማ ቤቶቻችን ጣሪያ ሥር ያለውንም ልብ በሉ። የጂፕሰም ኮርኒስ የሚሠራ ሰው ቅርጽ ማውጫው ላይ ጂፕሰሙን ያፈሳል፤ ከዚያ ቃጫ በጣቱ በትኖ ያለብሰዋል፤ እንደገና ያፈስበታል። ቃጫ ያልገባበት ኮርኒስ ገና ከቅርጹ ሲወጣ ይሰበራል። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1856 ለንደን ውስጥ በባለቤትነት ያስመዘገበው ሊዮናርድ አሌክሳንደር ዴሳሺ የሚባል ሰው ነው። አዲስ አበባ ያነጋገርኩት ሠራተኛ ስሙን ሰምቶት አያውቅም፤ ቃጫው ምን ያህል መሳሳት እንዳለበት ግን እጁ ያውቃል።

የዚሁ ሐረግ ጫፍ ላይ ያለው ቦይንግ 787 ነው። ክብደቱ ግማሽ ያህሉ የካርቦን ጭረት (ፋይበር) በሙጫ ተይዞ የተሠራ ነው። ከአፍሪካ መጀመሪያ የተረከበው የእኛው አየር መንገድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012። በዓመቱ፣ ጁላይ 12 ቀን 2013፣ ከአየር መንገዱ 787ዎች አንዱ ለንደን ሂትሮው ቆሞ ሳለ ከአደጋ ጊዜ ምልክት ማስተላለፊያው ባትሪ በተነሳ እሳት ጀርባው ተቃጠለ። ብዙዎች አበቃለት ብለው ነበር። የተቃጠለው ተቆርጦ፣ አዲስ ተለጥፎ፣ አውሮፕላኑ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ወደ ሥራ ተመለሰ። ሙጫው ጭረቱን ያቅፋል፤ ጭረቱ ጉልበቱን ይሸከማል። የደብረ ሲናው ጭቃና ጭድም የሚተዳደሩት በዚሁ ሕግ ነው።

ቃጫ ስሚንቶ ውስጥ ሲገባ

ታዲያ ቃጫውን ስሚንቶ ውስጥ አስገብቶ መገላገል አይቻልም ወይ? ዓለም ሞክሮታል። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በምሥራቅ አፍሪካና በሌሎችም አገሮች በቃጫ የተጠናከረ የስሚንቶ ጣራ ክዳን ለድሃ ቤት መፍትሔ ተብሎ ተሰራጭቶ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ክዳኑ ይሰባበር ጀመር። ምክንያቱን ስዊድናዊው ሐንስ ኤሪክ ግራም እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣው ጥናት አሳየ፤ ስሚንቶ ውስጥ ያለው የአልካሊ ውኃ የቃጫውን ማጣበቂያ አካል አሟሙቶ ይጨርሰዋል። ቃጫው ጭቃና ጂፕሰም ውስጥ ይኖራል፤ ስሚንቶ ውስጥ ግን በልዩ ጥንቃቄ ካልሆነ አይኖርም።

የመስተዋት ጭረትንም ስሚንቶው በልቶት ስለነበር ዚርኮኒየም ተጨምሮበት ነው የቻለው። አስቤስቶስ አልተበላም፤ የሰውን ሳምባ ግን በላ። ፕላስቲኩ ፖሊፕሮፒሊን አልካሊ አይነካውም፤ ዛሬ በየአገሩ አዲስ የፈሰሰ ሊሾ እንዳይሰነጠቅ ይጨመራል። የማዳበሪያ ጆንያ የሚሠራበት ቁስ ይኸው ነው።

በአገራችንም ሰዎች ዝም ብለው አልተቀመጡም። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሲሳልን፣ የእንሰት ቃጫንና ሌሎችንም ከሙጫና ከስሚንቶ ጋር የሚፈትሹ የመመረቂያ ጥናቶች ይሠራሉ። ቃጫውን በኮስቲክ ሶዳ ማጠብ፣ ከስሚንቶው ከፊሉን በእሳተ ገሞራ አመድ መተካት ተሞክሯል። አንድ ተመራማሪ «ጽሑፉ መደርደሪያ ላይ ነው፤ ግንበኛው መንገድ ላይ ነው» አለኝ። የማይገናኙት እዚህ ላይ ነው።

መልስ ያልሰጡት ኃላፊ

በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ አስራ አንድ ጥራዝ ነበረው። ስለ ኮንክሪት፣ ስለ ብረት፣ ስለ እንጨት፣ ስለ ግንብ፣ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ለየብቻው ጥራዝ ነበረው። የጭቃ ቤት ግን የራሱ ጥራዝ አልነበረውም። በዚያን ዘመን፣ ዛሬም ቢሆን፣ የአገሬው ሕዝብ አብዛኛው የሚያድርበት ቤት እርሱ ነበር።

በአካባቢው ካሉ ከተሞች በአንዱ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጥ ኃላፊን ሁለት ነገር ጠየቅኳቸው። ፌሮ የሌለው የብሎኬት ቤት ፈቃድ ያገኛል ወይ? በደንብ የተሠራ የጭቃ ቤትስ ለምን «ጊዜያዊ» ይባላል? ደብዳቤ እንዳመጣ ነገሩኝ፤ አመጣሁ። ጉዳዩ የክልል ነው አሉኝ። በመጨረሻ ስልኩን ማንሳት ተዉ። አዛውንቱ ይህን ስነግራቸው ብዙ አልገረማቸውም። «ቢሮው ራሱ ብሎኬት ነው» አሉ፤ «ጭቃ ምን እንደሚይዝ በምን ያውቃሉ?»

ሌላ አገር ይህ ጥያቄ መልስ አግኝቷል። ፔሩ ውስጥ ከ1970 እ.ኤ.አ. የመሬት መንቀጥቀጥ አደጋ በኋላ የሊማው ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ የጭቃ ጡብ ቤቶችን በሚንቀጠቀጥ መድረክ ላይ አቁሞ በሸምበቆ፣ በገመድና በፕላስቲክ መረብ እያሰረ ፈተናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 የተሻሻለው የአገሪቱ ደረጃ የተጠናከረ የአፈር ግንባታ ደረጃ ሆኖ ነው የወጣው። ካሽሚር ውስጥ ከ2005 እ.ኤ.አ. ነውጥ በኋላ ዳጂ ዴዋሪ የሚሉት፣ በእንጨት ማዕቀፍ ድንጋይና ጭቃ የሚሞላ ነባር አሠራር በመልሶ ግንባታው ይፋ ዕውቅና አገኘ። ኢራን ባም ላይ በ2003 እ.ኤ.አ. ከ26 ሺህ በላይ ሰው ያለቀው ግን በአብዛኛው አንዳች ነገር ባልያዘው የጭቃ ጡብ ሥር ነው። ልዩነቱ ጭቃ መሆኑ ላይ አይደለም፤ የሚይዘው ነገር መኖሩና አለመኖሩ ላይ ነው።

የጭቃ ቤት እንከን የለበትም አልልም። ምስጥ አጠናውን ከሥር ይበላል፤ የክረምት ጎርፍ መሠረቱን ያጥባል፤ የጤፍ ጭድ ለከብት መኖ ተፈላጊ ሆኖ ዋጋው ንሯል፤ ልጁ እንዳለው በየዓመቱ መመረግ ያደክማል። ወጣቱ ብሎኬት መመኘቱ ትክክል ነው። የሚያሰጋው ጭዱን አውጥቶ ፌሮውን ሳያስገባ መቅረቱ ነው። እንዲህ ዓይነት ግድግዳ በይፋት የከተማ ዳርቻዎች እየበዛ ነው። ዋጋውን የምናውቀው የሚቀጥለው ነውጥ ሲመጣ ከሆነ ዘግይተናል።

ስለዚህ ደረጃ የሚያወጣው ክፍል የጭቃን ቤት ከነጭዱ፣ ከነማገሩና ከነመሠረቱ በላቦራቶሪ ፈትኖ ደረጃ ይስጠው። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ለይፋት ቅርብ ነው፤ መራጊዎቹም በሕይወት አሉ። ፈቃድ የሚሰጡ ቢሮዎች በዚህ አካባቢ ቋሚ ምሰሶ (ኮለን) እና ግድግዳውን ከላይ ዙሪያውን የሚያስር ቶፕ ታይ ቢም የሌለው የብሎኬት ቤት አይፍቀዱ። አንተም አንባቢ፣ ቤት ልትሠራ ከሆነ ከቀለሙና ከበሩ በፊት ግንበኛህን አንድ ነገር ጠይቀው፤ ይህን ግድግዳ የሚይዘው ምንድን ነው? መልስ ከሌለው ሥራውን አታስጀምረው።