ሽመላና አይሮፕላን እንዴት ያርፋሉ?

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ወደ ወረታ የተጓዘ ሰው የፎገራን ሜዳ ያውቀዋል። ርብና ጉማራ ሞልተው ያጠጡት፣ የሩዝ ማሳው ውሃ የቋጠረ፣ ሽመላና ይብራ የሚመላለስበት አገር ነው። ሽመላው ከማሳው ዳር ሲያርፍ ልብ ብለው ይመልከቱት። ክንፉን አጉብጦ ይዘረጋል፤ ጅራቱን እንደ ማራገቢያ ይከፍታል፤ እግሩንም ወደ ታች ይሰዳል። ፍጥነቱን እስኪጨርስ ድረስ አየሩ ይሸከመዋል።

የአይሮፕላንም ዘዴ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ባሕር ዳር ለማረፍ ሲወርዱ በመስኮት የተመለከቱ እንደ ሆነ፣ ከክንፉ ኋላ አንድ ሰፊ ሳንቃ መሰል ነገር እየተንሸራተተ ወጥቶ ወደ ታች ሲታጠፍ ያያሉ። ይህ ፍላፕ ይባላል። ክንፉን ያሰፋዋል፣ ያጎብጠዋልም፤ ስለዚህ አይሮፕላኑ በዝግታ እየበረረ ሳይወድቅ ይቆያል።

ነጂው ግን ፍላፑን እንደ ልቡ አያወርደውም። ለየደረጃው የፍጥነት ወሰን አለው፤ ከወሰኑ በላይ እየፈጠነ ቢያወርደው የአየሩ ግፊት ፍላፑን ሊጎዳው ይችላል። ከመጠን በታች የዘገየ እንደ ሆነ ደግሞ አየሩ ከክንፉ ጀርባ ይላቀቅና አይሮፕላኑ ቁልቁል ይወርዳል። ያን ጊዜ አፍንጫውን ወደ ላይ መሳብ ነገሩን ያብሰዋል፤ መድኀኒቱ አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ፍጥነትን መመለስ ነው፤ ለዚህም ከበታች ሰፊ አየር ያስፈልጋል። መሬት ሲቃረብ ያ አየር የለም።

በአገራችን ደጋ ላይ ሌላ ጣጣ ይጨመራል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። የፍጥነት መለኪያው በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ሲያሳይ አይሮፕላኑ በእርግጥ የሚሮጠው 260 ያህል ነው። ስለዚህ ለመቆም ረዘም ያለ ሜዳ ይፈልጋል።

ፍላፕ የታጣ እንደ ሆነስ? ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲበር የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 በኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ነዳጁ አለቀ። ሁለቱም ሞተሮች ዝም አሉ። በነፋስ የምትዞር አንዲት ትንሽ መሣሪያ ለመሪው የሚሆን ኃይል ሰጠች፤ ፍላፑን ለማውረድ ግን አልበቃችም። ካፒቴን ልዑል አባተ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ እየፈጠነ ከባሕር ላይ ለማረፍ ተገደደ። በዚያም ላይ ከጠላፊዎቹ ጋር ይታገል ነበር። የግራው ክንፍ ቀድሞ ውሃውን ነካ፤ አይሮፕላኑም ተሰባበረ። ከ175 ሰዎች 50 ዳኑ፤ ካፒቴኑና ረዳቱ ዮናስ መኩሪያም ከእነዚያ መካከል ነበሩ።