የዲጂታል ሚክሰር መቆጣጠሪያዎችና ማገናኛዎች፤ ሻጩ ከገዢው በፊት ሊያውቃቸው የሚገባ

ዕቃ የሚሸጥ ሰው የዕቃውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን ሥራውንም ጭምር ማወቅ እንደሚገባው የንግድ ሰዎች ሁሉ የሚስማሙበት ነገር ነው። ስኳርና ሩዝ፣ ጨርቅና ሳሙና ለሚሸጥ ነጋዴ ይህ ዕውቀት ከልምድ ይገኛል። የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ለሚሸጥ ግን የቆየ ልምድ ብቻውን አይበቃም፤ መሣሪያው በየጊዜው ስለሚለወጥ ዕውቀቱም አብሮ መታደስ አለበት። በዚህ ረገድ በአሁኑ ጊዜ ብዙ ጥያቄ ከሚያስነሡት ዕቃዎች አንዱ ዲጂታል ሚክሰር የተባለው የድምፅ ማቀላቀያ ነው።

ቀብሪበያ ከጅግጅጋ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደ ደገሃቡር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ሠርግ የሚደግሰው ቤተ ዘመድ፣ ስብሰባ የሚያካሂደው መሥሪያ ቤት፣ በዓል የሚያከብረው ትምህርት ቤት፣ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በከተማዋ አጠገብ በሰፈሩት የሶማሊያ ስደተኞች መካከል የሚሠሩት የእርዳታ ድርጅቶች፣ ሁሉም በየጊዜው የድምፅ ማጉያ ይፈልጋሉ። ዕቃው በቶጎ ውጫሌ በኩል ከበርበራ ወደብ ቢመጣም፣ ወይም በድሬዳዋ በኩል ከጅቡቲ ቢመጣም፣ መጨረሻው የሚታየው በባለ ሱቁ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ሚክሰሩን ሳያውቁ መሸጥ የሚያስከትለውን ጉዳት በምሳሌ ለማየት ይቻላል። አንድ ነጋዴ 16 የማይክ መግቢያ ያለው ዲጂታል ሚክሰር አስመጥቶ ለአንድ የሠርግ አዳራሽ ባለቤት ሸጠ እንበል። በሠርጉ ምሽት ማይኩ ተሰክቶ፣ ስፒከሩ ተገናኝቶ፣ እንግዳው ተሰብስቦ ሳለ ድምፅ ከቶ ሳይወጣ ይቀራል። በማግስቱ ገዢው ዕቃውን ተሸክሞ ይመጣና የተበላሸ ዕቃ ተሸጠልኝ ብሎ ይከሳል። ነጋዴውም የሚመልሰው ቃል ስለሌለው ገንዘቡን መልሶ ዕቃውን ይረከባል። ሚክሰሩ ግን አልተበላሸም ነበር፤ የገባው ድምፅ በየትኛው መውጫ እንዲወጣ የሚያዝዘው ትእዛዝ አልተሰጠውም እንጂ። በዚህ አኳኋን ደኅናው ዕቃ እንደ ብልሽት ተቆጥሮ የነጋዴው ገንዘብም ስሙም ይጎዳል።

የመሣሪያው ጠባይ

ማናቸውም ሚክሰር ከልዩ ልዩ ማይኮችና የሙዚቃ መሣሪያዎች የሚመጣውን ድምፅ ተቀብሎ፣ መጠኑን አስተካክሎና አቀላቅሎ ወደ ማጉያው የሚልክ ነው። በቀድሞው ዓይነት፣ አናሎግ በሚባለው፣ እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ቁልፍ ነበረው፤ በገጹ ላይ የሚታየው ቁልፍ ሁሉ በቀጥታ ሥራውን ይሠራል። ዲጂታሉ ግን ድምፁን እንደ ገባ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። ብዙውን ጊዜ በ1 ሰከንድ 48,000 ጊዜ እየለካ በቁጥር ይመዘግበዋል፤ ማስተካከሉና ማቀላቀሉ ሁሉ በሒሳብ ከተከናወነ በኋላ መልሶ ወደ ኤሌክትሪክ ድምፅ ይለውጠዋል።

ይህ አሠራር አዲስ አይደለም። ያማሃ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ዲ.ኤም.ፒ.7 የተባለውን ዲጂታል ሚክሰሩን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ነበር። ይሁን እንጂ ዕቃው ለብዙ ዓመታት ከትልልቅ ስቱዲዮና ቴአትር ቤቶች እጅ አልወጣም። ቤሪንገር የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 ኤክስ 32 የተባለውን ሚክሰር በተቀነሰ ዋጋ ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ዲጂታል ሚክሰር ለመካከለኛ አዳራሽና ለትንንሽ የሙዚቃ ቡድን ጭምር የሚቀርብ ሆኗል።

ስለ መግቢያዎች

በመሣሪያው ጀርባ በብዛት የሚታየው ክብ ባለ 3 እግር መግቢያ ኤክስ.ኤል.አር ይባላል። ከ3ቱ እግሮች 1ኛው የመሬት ሽቦ ሲሆን፣ 2ኛውና 3ኛው አንዱን ድምፅ በተቃራኒ አቅጣጫ ይሸከማሉ። ተቀባዩ መሣሪያ የሁለቱን ልዩነት ብቻ ስለሚወስድ በመንገድ ላይ ሁለቱንም በእኩል የነካቸው የኤሌክትሪክ ጩኸት ይሰረዛል። የማይክ ሽቦ በዚህ ዓይነት ሲሠራ እስከ ብዙ አሥር ሜትር ድረስ ያለ ችግር የሚዘረጋው ስለዚህ ነው።

6.35 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ረጅም ጃክ ደግሞ 2 ዓይነት ነው። በጫፉ ላይ 2 ጥቁር ቀለበት ያለው እንደ ኤክስ.ኤል.አር 3 መስመር ሲኖረው፣ 1 ቀለበት ብቻ ያለው ግን 2 መስመር ብቻ አለው። የጊታር ሽቦ ከሁለተኛው ወገን ነው፤ ከ6 ሜትር በላይ ሲረዝም ጩኸት መሰብሰብ ይጀምራል። ከቴሌቪዥንና ከሲዲ ማጫወቻ ጋር የሚመጣው ቀይና ነጭ መሰኪያም እንደዚሁ ለአጭር ርቀት የሚሆን ነው። ሦስቱም መልካቸው ስለሚለያይ ለመለየት አያስቸግሩም፤ ጃኮቹን ግን ብዙ ሻጮች አንድ አድርገው በአንድ ሣጥን ውስጥ ይደባልቋቸዋል፤ ይህም ስሕተት ነው።

በመግቢያው ረገድ ሌላው ጥንቃቄ የሚሻው 48 ቮልት ተብሎ የተጻፈበት ቁልፍ ነው። ይህ ቁልፍ በማይኩ ሽቦ በኩል ለማይኩ የኤሌክትሪክ ኃይል ይልካል። ኮንደንሰር የተባለው ማይክ ያለዚህ ኃይል ድምፅ አይሰጥም፤ በእጅ የሚያዘው የተለመደው ዳይናሚክ ማይክ ግን አይፈልገውም። ዳይናሚኩ በደኅና ሽቦ እስከ ተገናኘ ድረስ ኃይሉ ቢደርሰውም አይጎዳም። ሪበን የተባለው ዓይነትና በ2 መስመር ሽቦ የተገናኘ መሣሪያ ግን ሊጎዱ ይችላሉ። በተጨማሪም ቁልፉ ሲከፈትና ሲዘጋ በስፒከሩ ላይ ብርቱ ፍንዳታ የመሰለ ድምፅ ስለሚያሰማ አስቀድሞ መስመሩን ማፈን ያስፈልጋል።

ስለ መቆጣጠሪያዎች

ከመቆጣጠሪያዎቹ ሁሉ ዋናው ጌይን የሚባለው ነው። ይህ ከማይኩ የሚመጣውን ደካማ ድምፅ ወደ ቁጥር ከመለወጡ በፊት የሚያሳድግ ነው። በአናሎግ ሚክሰር ጌይኑ ጥቂት ቢበዛ ድምፁ ቀስ በቀስ ይሻክራል። በዲጂታሉ ግን ቁጥሩ ከ0 ዴሲቤል ማለፍ ስለማይችል ከዚያ የተረፈው ድምፅ በአንድ ጊዜ ተቆርጦ ይቀራል፤ ጆሮን የሚያስቀይመው ጩኸት ከዚህ የተነሣ ነው። ስለዚህ የተለመደው ንግግር በመለኪያው መብራት ላይ ከ0 በታች በ18 ዴሲቤል አካባቢ እንዲቆም ማድረግ መልካም ልማድ ነው። በጌይን የተበላሸውን በሌላ ቁልፍ ለማቃናት አይቻልም።

ከጌይን ቀጥሎ ወፍራሙን ጉርምርምታ የሚያስቀር ማጣሪያ አለ። በሜዳ ላይ በሚደረግ ስብሰባ ነፋስ ማይኩን ሲመታ የሚሰማውን ጉርምርምታ ለመቀነስ ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን መቁረጥ ለንግግር ብዙ ይጠቅማል። ኢኩዋላይዘሩ የቀጭኑንና የወፍራሙን ድምፅ ሚዛን ይጠብቃል። ኮምፕረሰሩ ተናጋሪው በድንገት ሲጮኽ ድምፁን ይገታል። ጌት የሚባለው ደግሞ ማንም በማይናገርበት ጊዜ ማይኩን ይዘጋል። እነዚህ ሁሉ ቀድሞ ለየብቻ በሣጥን ተገዝተው የሚገናኙ መሣሪያዎች ነበሩ፤ አሁን ግን በሚክሰሩ ውስጥ ለእያንዳንዱ መስመር ተሰጥተዋል። ዋጋውን ከአናሎጉ ጋር የሚያነጻጽር ገዢ ይህን እንዲያስታውስ ማድረግ የሻጩ ፈንታ ነው።

ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተተው መቆጣጠሪያ ፌደር ይባላል። አዲስ ገዢን የሚያደናግረው ከዚህ ላይ ነው። በኤክስ 32 ለምሳሌ 32 የማይክ መግቢያ ሲኖር ያሉት ፌደሮች 25 ብቻ ናቸው። በስተ ግራ ያሉት 16 ፌደሮች አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ከ1 እስከ 16 ያሉትን፣ ሌላ ቁልፍ ሲጫኑ ደግሞ ከ17 እስከ 32 ያሉትን መስመሮች ይቆጣጠራሉ፤ ፌደሮቹም በሞተር እየተንቀሳቀሱ ወደ ቦታቸው ይሄዳሉ። ይህን ያላወቀ ሰው ፌደሩ በራሱ ሲንቀሳቀስ ዕቃው የታመመ ይመስለዋል።

ከሁሉ ይልቅ ለአከራዩና ለአዳራሹ ባለቤት የሚጠቅመው ሲን የሚባለው ማስታወሻ ነው። የመሣሪያው ሁኔታ ባንድ ስም ተመዝግቦ ይቀመጣል፤ አንዱ ለሠርግ፣ ሌላው ለስብሰባ ይሆናል። ያልለመደ ሰው ቁልፎቹን ቢያዘበራርቃቸው የተመዘገበውን በመጥራት ብቻ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል።

ስለ መውጫዎችና ስለ ዲጂታል መስመሮች

በአናሎግ ሚክሰር መውጫው ላይ የተጻፈው ስም ምን ጊዜም አይለወጥም። በዲጂታሉ ግን መውጫው ቁጥር ብቻ ነው፤ በዚያ ቁጥር ምን ዓይነት ድምፅ እንዲወጣ የሚወስነው ራውቲንግ በሚባለው ገጽ ላይ የተሰጠው ትእዛዝ ነው። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ የሠርጉን ምሽት ያበላሸው ይኸው ነው። መድኃኒቱም ቀላል ነው። ሻጩ ዕቃውን ከማስረከቡ በፊት ዋናውን የግራና የቀኝ መውጫ፣ እንዲሁም ለዘፋኞቹ የሚሆነውን የሞኒተር መውጫ አዘጋጅቶ በሲን ይመዝግብ፤ ያንኑም በፍላሽ ገልብጦ ለገዢው ይስጠው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የኮምፒዩተር ኔትዎርክ መሰኪያን የሚመስለው ቀዳዳ ነው። በአንዳንድ ሚክሰር ላይ ኤ.ኢ.ኤስ.50 የተባለው መስመር ከመድረክ ላይ ከሚቀመጠው የመሰኪያ ሣጥን ጋር በአንድ ቀጭን ኬብል ያገናኛል፤ ብዙ ከባድ ሽቦ ከመሳብም ያድናል። ነገር ግን መሰኪያው ቢመሳሰልም ይህ መስመር የራውተር መስመር አይደለም። ለታብሌት መቆጣጠሪያ የሚሆነው የኔትዎርክ ቀዳዳ ሌላ ነው። ኬብሉም መከላከያ የተጠቀለለበት እንዲሆን ያስፈልጋል። እንዲሁም የመሰኪያ ሣጥን ዓይነቱ ከሚክሰሩ መስመር ጋር የሚስማማ መሆን አለበት፤ ዳንቴ በተባለው መስመር የሚሠራ ሣጥን በኤ.ኢ.ኤስ.50 መስመር ላይ አይናገርም። ሚክሰሩን በታብሌት ለመቆጣጠር ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ራውተሩ ብቻ በቂ ነው።

ስለ ኤሌክትሪክና ስለ አቧራ

በኢትዮጵያ የሚሠራበት ኤሌክትሪክ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ከዕቃው ጀርባ ከ100 እስከ 240 ቮልት ተብሎ የተጻፈበት ያለ ችግር ይሠራል። 120 ቮልት ብቻ የተጻፈበትን ግን በቀጥታ መሰካት ዕቃውን ማቃጠል ነው። ከዱባይ ገበያ የመጣ ዕቃ ብዙውን ጊዜ 3 ጠፍጣፋ እግር ያለው መሰኪያ ይዞ ስለሚመጣ ለሀገራችን ሶኬት የሚስማማውን ባለ ክብ እግር ገመድ አብሮ ማስመጣት ይገባል። የመሬት ሽቦውን እግር ቆርጦ መጣል ጩኸት ቢቀንስም ሰው ሊገድል ይችላል፤ ሻጩ ይህን ምክር ለማንም መስጠት የለበትም።

ዲጂታል ሚክሰር እንደ ኮምፒዩተር ስለ ሆነ መብራት ሲቋረጥ ለመነሣት ጊዜ ይወስዳል። መብራት በሚቆራረጥበትና ጄኔሬተር በሚሠራበት ቦታ ኃይል የሚያጠራቅም ዩ.ፒ.ኤስ ከሚክሰሩ ጋር መሸጥ ለገዢው ጥቅም ነው። ሲበራ ሚክሰሩ በፊት፣ ማጉያው በኋላ ይበራል፤ ሲጠፋ ግን ማጉያው ይቀድማል። የአካባቢው አቧራ ወደ ፌደሩ መንገድ ሲገባ ሞተሩን ስለሚያውክ ልባስ ማልበስ የግድ ነው።

ከማዘዝ በፊት

ማይክ፣ ስፒከርና ማጉያ በዓለም አቀፉ የጉምሩክ ምደባ በቁጥር 85.18 ሥር የሚገኙ ናቸው። ሚክሰሩ ግን በሌላ ቁጥር ሊመደብ ስለሚችል ዕቃው ከመጫኑ በፊት ምደባውን ከጉምሩክ ኮሚሽን ማረጋገጥ ያልታሰበ ወጪን ያስቀራል። ዋይፋይ ወይም ገመድ አልባ ማይክ ያለበት ዕቃ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ፣ በታዘዘበት ቀንና በሚከፈልበት ቀን መካከል ያለው የምንዛሪ ልዩነት በሒሳቡ ውስጥ ቢገባ ነጋዴው ከኪሳራ ይድናል።

በመጨረሻም ገዢው ስንት ማይክ እንዳለው፣ አዳራሹ ስንት ሜትር እንደሚረዝም፣ መሣሪያውንም ማን እንደሚያንቀሳቅሰው ሻጩ መጠየቅ አለበት። ለ4 ማይክ ስብሰባ ትንሽ አናሎግ ሚክሰር ከበቃ ያንኑ መምከር ይሻላል። በዛሬው ሽያጭ ጥቂት ትርፍ ቢቀርም፣ ያ ገዢ ነገ የሠርግ አዳራሽ በሚከፍትበት ቀን ወደዚያው ሱቅ ይመለሳል።