ተጫዋች ሲበዛ ውጊያው ለምን ይሰለቻል? ከሰንጠረዥ የተገኘ መላ፣ ለመርካቶ ፍልሚያ

ስምንት ጓደኛሞች ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። አንዱ «አጫዋች» ነው፤ ታሪኩን ይተርካል፣ ጠላቶቹን ያንቀሳቅሳል። ሌሎቹ የየራሳቸውን ገጸ ባሕርይ ይዘው ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ፤ መሳካት አለመሳካቱን ዳይስ ይወስናል። የዚህ ዓይነት ጨዋታ ታዋቂው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ወጣ፤ መሠረታዊ ሕጉን ዛሬ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ታገኙታላችሁ።

ጨዋታው ለአራት ለአምስት ሰው ይመቻል። የኛን ነገር ግን ታውቁታላችሁ፤ አንድ ሰው ስትጠሩ ሦስት ይመጣል። ከአጫዋቹ ሌላ ስምንት ተጫዋች ሲሞላ ወሬው ይደምቃል። ችግሩ ውጊያ ሲጀመር ነው።

እስቲ እናስላው። አንድ ሰው በተራው 2 ደቂቃ ቢወስድ ስምንቱ 16 ደቂቃ ይፈጃሉ። ለአጫዋቹ 4 ስንጨምር አንድ ዙር 20 ደቂቃ ሆነ። አራት ዙር 80 ደቂቃ ነው። ከዚህ ውስጥ አንድ ሰው የሚጫወተው 8 ደቂቃ፣ የሚጠብቀው 72 ደቂቃ! ስልኩን ያወጣል፣ ቲክቶክ ይከፍታል፣ ተራው ሲደርስ «የት ደረስን?» ይላል። በሳምንቱ ይቀራል። ቡድን የሚፈርሰው እንዲህ ነው።

ለዚህ ደግሞ የቀድሞዎቹ ሰዎች መላ ነበራቸው። በኢትዮጵያ ሰንጠረዥ፣ ማለትም በሀገራችን ቼዝ፣ ጨዋታው ሲጀመር ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ሳይጠባበቁ ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ይህ ክፍል «ወረራ» ይባላል። አንዱ የሌላውን ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃና ተራ በተራ ይቀጥላል። ተመልካቹም ዝም ብሎ አያይም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊ ሄንሪ ሶልት፣ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ በዙሪያቸው ያሉ ሰዎች ምክር ይሰጡ እንደነበር ጽፏል።

ይህንን ይዘን መርካቶ እንግባ። ታሪኩ ይሄ ነው፦ ዘራፊዎች የነጋዴ ዕቃ አይሱዙ ላይ ጭነው ሊያመልጡ ነው። ስምንቱ ደርሰውባቸዋል።

1. ወረራ ይሁን። ስምንቱም 2 ደቂቃ ይመካከሩ፣ ከዚያ ሁሉም ዳይሱን በአንድ ጊዜ ይጣል። ውጤት ለመሰብሰብ 4፣ ለጠላት 4 ደቂቃ ብንይዝ ዙሩ በ10 ደቂቃ ያልቃል። የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የ2014 የአጫዋች መጽሐፍም ተራን በሰው ሳይሆን በወገን መያዝን በአማራጭነት አስቀምጦታል። ግን ተጠንቀቁ፤ ስምንቱ ከቀደሙ ጠላት ሳይንቀሳቀስ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ግማሹን ጠላት ደብቃችሁ በሁለተኛው ዙር አስገቡ።

2. አለቃውን ብቻውን አታቁሙት። እሱ አንዴ ሲመታ ስምንት ምት ይወርድበታል። «እንግዲያው ጉልበት እንጨምርለት» ካላችሁ ደግሞ በአንድ ምት ሰው ይጥላል፤ የወደቀው ልጅ ማታውን ሙሉ ቁጭ ብሎ ያያል። የሚሻለው ስምንት ጭፍራ መስጠት ነው። ጭፍራ በአንድ ምት ይወድቃል፣ የሚያደርሰው ጉዳትም ቁጥሩ የታወቀ ስለሆነ ዳይስ አያስጥልም። አለቃው ራሱ በዙሩ ሁለቴ ይንቀሳቀስ፤ አንዴ ከተጫዋቾቹ በፊት፣ አንዴ በኋላ።

3. ሜዳውን ክፈቱ። በጨዋታው አንድ ሰው 1.5 ሜትር ቦታ ይይዛል። 3 ሜትር በሆነ የመርካቶ መተላለፊያ ፊት ለፊት የሚዋጉት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ስድስቱ ከኋላ ቆመው ይጠብቃሉ። ስለዚህ ሦስት ቦታ አዘጋጁ፦ መኪናው፣ እንደ ምናለሽ ተራ የብረት ክምር ያለበት ድንጋይ የሚወረወርበት ቦታ፣ ጆንያ ተቀዶ ሁሉም የሚያስነጥስበት የበርበሬ መጋዘን።

4. ከመግደል ሌላ ሥራ ስጡ። መኪናው በአራተኛው ዙር መጨረሻ ይነሳል። አንዱ ጎማ ያስተነፍስ፣ ሌላው የታሰረውን ዘበኛ ይፍታ፣ ሦስተኛው ሹፌሩን በወሬ ይያዝ። ሰይፍ የሌለው ተጫዋችም ሥራ አገኘ ማለት ነው።

ዕቃው ውድ ነው ብላችሁ አትፍሩ። ባለ 20 ጎኑን ዳይስ ስልካችሁ ላይ በነፃ አፕ ትጥላላችሁ። ለጭፍራ የዳማ ቆርኪ ይበቃል፣ ለካርታው ካርቶን። ዘጠኝና አሥር ተጫዋች ከሞላችሁ ግን ሁለት ጠረጴዛ መክፈት ይሻላል።

ስምንተኛውን ጓደኛችሁን «ቦታ የለም» ብላችሁ ከመመለሳችሁ በፊት ግን አንድ ማታ ወረራን ሞክሩት። ለቀጣዩ ፍልሚያ ከመርካቶ የትኛውን ተራ ትመርጣላችሁ? ጻፉልን።