ደራሹ ጦር ለምን አብሮ አልመጣም?

የጠፈር ጦርነት ፊልም ላይ የማይቀር ነገር አለ። ጥቂት መርከቦች ተከበው ሊያልቁ ሲሉ ደራሽ ጦር ከየት መጣ ሳይባል ብልጭ ብሎ ይወጣል። ሙዚቃው ከፍ ይላል፣ አዳራሹ ያጨበጭባል። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ፊልም አይተን ስንወጣ ማኪያቶ ይዘን የምናወራውም ስለዚያች ደቂቃ ነው። እኔ ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ነው መሰለኝ፣ ጭብጨባው ላይ እቀራለሁ። መጀመሪያውኑ ለምን አብረው አልመጡም?

ነገሩ ሒሳብ አለው። ፍሬድሪክ ላንቸስተር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ያወጣው ነው። ሁሉም ሁሉን መተኮስ በሚችልበት ውጊያ የአንድ ጦር ጉልበት የሚለካው በቁጥሩ ሳይሆን በቁጥሩ ስኩዌር ነው ይላል። እስቲ የስልካችሁን ካልኩሌተር ክፈቱ። እኛ 20 መርከብ አለን፣ ጠላት 15፣ ጥራታቸው እኩል። አንድ ላይ ከገጠምን 400 ሲቀነስ 225፣ 175 ይሆናል። ስኩዌር ሩቱ 13 ገደማ ነው። ጠላት አልቆ እኛ 13 መርከብ ይተርፈናል።

አሁን ደግሞ 10 ቀድመው ይግቡ፣ 10 ይዘግዩ። 225 ሲቀነስ 100፣ 125። የመጀመሪያዎቹ አልቀው ጠላት 11 ገደማ ይዞ ይጠብቃል። ደራሾቹ ሲገቡ 125 ሲቀነስ 100፣ 25። ጠላት በ5 መርከብ አሸነፈ! ያው 20 መርከብ፣ ያው ጠላት። የተለወጠው የመድረሻ ሰዓቱ ብቻ ነው።

ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣውን «ሮግ ዋን» የምወደው። ስካሪፍ ላይ የአድሚራል ራደስ መርከቦች የሚደርሱት ምድር ላይ ውጊያው ከተጀመረ በኋላ ነው። ጥቂቶቹ እንደገቡ የፕላኔቷ በር ይዘጋል፤ ጦሩ ውስጥና ውጭ ለሁለት ተከፈለ። ከዚያ የሚያወጣቸው ብልሃት ነው። አንዱን ግዙፍ የጠላት መርከብ መጀመሪያ ሞተሩን ያጠፉበታል፣ ቀጥሎ አንዲት ትንሽ መርከብ እየገፋች ወስዳ ከሌላኛው ጋር ታላትመዋለች። ሁለቱም በሩ ላይ ወድቀው ይሰብሩታል። እንደ ወጪ ካየነው ከዚህ የረከሰ ድል የለም። ግን ወዲያው ቫደር በአዲስ መርከብ ይደርስና የደከሙትን ሊያመልጡ ሲሉ ይይዛቸዋል።

«የቫደርም ደራሽ ዘግይቶ ነው የመጣው፣ እሱስ ለምን አዋጣው?» ትሉኝ ይሆናል። ተጠብቆ የዘገየ ደጀንና መንገድ ጠፍቶበት የዘገየ ጦር ለየቅል ናቸው። ይኼን ለማየት ደግሞ ጠፈር መውጣት አያስፈልግም።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ባራቲየሪ ከ17,000 በላይ ጦሩን ለአራት ከፍሎ በሌሊት አንቀሳቀሰ፤ ሦስቱ ፊት፣ የኤሌና ብርጌድ ደጀን። በእጃቸው የነበረው ካርታ ኪዳነ ምሕረት የሚለውን ስም ሌላ ኮረብታ ላይ ነበር የጻፈው። አልበርቶኔ እውነተኛውን ኪዳነ ምሕረት ብሎ ከሌሎቹ ርቆ ወጣ። እንዲደርስለት የታዘዘው ዳቦርሚዳ ደግሞ ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ታጠፈና እሱም ብቻውን ቀረ። አሪሞንዲ መሐል ላይ። ጦሩ ተነጣጥሎ በየተራ ተመታ። እርግጥ የምኒልክ ሠራዊት 100,000 ገደማ ስለነበር ልዩነቱ ከመጀመሪያውም ሰፊ ነው። ግን የምኒልክ ደጀን እዚያው ቅርብ ነበር፤ አልበርቶኔ ጠንክሮ ሲይዝ ወደዚያ ገባ። ደጀን ማለት በእጅ ያለ ብር ነው፤ ገበያው እስኪታወቅ ትይዘዋለህ፣ ስትፈልገው ግን ኪስህ ውስጥ መገኘት አለበት።

ሌላም አለ። የኢትዮጵያ ጦር ስንቁ እያለቀበት ነበር፤ ባራቲየሪም ይኼን ያውቃል። ጥቂት ቀን ቢታገስ ሠራዊቱ በረሃብ ሊበተንለት ይችል ነበር። ከሮም የጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ ቴሌግራም፣ ከጎኑ የብርጌድ አዛዦቹ ግፊት፣ አላስቆሙትም።

በጠፈር ፊልሞች ግን ስንቅ የሚያልቅበት ሰው ብዙ አታዩም። ለዚህ ነው ሰው ሁሉ የሚያጣጥለውን የ2017ቱን «ዘ ላስት ጄዳይ» የምከላከለው፤ እዚያ ሙሉ ታሪኩ የሚዞረው ነዳጅ እያለቀባቸው በሚሸሹ መርከቦች ላይ ነው። አንዲት መርከብ በብርሃን ፍጥነት ተወርውራ የጠላትን ጦር የሰነጠቀችበትን ትዕይንት ግን አልከላከልም። ይኼ የሚቻል ከሆነ ዴዝ ስታርን ለመምታት ያ ሁሉ መርከብና ሰው ለምን አለቀ? ሰሚት ያለው የፊልሙ አፍቃሪ ጓደኛዬ እስካሁን አልመለሰልኝም።