አንድ ስም፣ ሁለት ፓምፕ

ትልቅ የነዳጅ ፓምፕ የተገጠመለት መኪና ጉልበቱ ይጨምራል የሚለው አባባል ከአዲስ አበባ ጋራዦች እስከ ጎጃም አውራ ጎዳና ድረስ፣ በደምበጫም፣ በጅጋም፣ በፍኖተ ሰላምም፣ በቡሬም እንደ ተረጋገጠ እውነት ሲነገር የሚሰማ ሲሆን፣ ስሕተቱ የተወለደው ግን ከመካኒኮች አላዋቂነት ሳይሆን፣ በጋራዥ ቋንቋ አንድ ስም ለሁለት ፈጽሞ የተለያዩ አካላት በመሰጠቱ ነው። በናፍጣ መኪና ላይ "ፓምፕ" የሚባለው ሌላ፣ በቤንዚን መኪና ላይ "ፓምፕ" የሚባለው ሌላ ነው። በቆሎ በጫነ ኢሱዙ ላይ ሠርቶ የታየ ዘዴ በቪትዝ ወይም በኮሮላ ላይ ሲሞከር ገንዘብ ይባክናል፤ አንዳንዴም ሞተሩ አብሮ ይጠፋል። በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከታገደ ወዲህ በእጅ ያሉት መኪናዎች ገና ለብዙ ዘመን ማገልገላቸው ስለማይቀር፣ ወሬው ሳይታረም መቆየት የለበትም።

ፒስተን እንዴት እንደሚወርድና እንደሚወጣ፣ ካንዴላ መቼ እንደሚተኩስ ማንኛውም የመንጃ ፈቃድ ትምህርት ስለሚያስረዳ እዚህ መድገም አያሻም። ለተነሣው ጉዳይ የሚያስፈልገው አንድ ቁጥር ነው፤ 1 ኪሎ ግራም ቤንዚን ተሟልቶ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ሞተር በብዛት የሚበላው ነዳጅን ሳይሆን አየርን ነው ማለት ነው፤ አየሩ ደግሞ በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ በእርሷና በጎረቤቷ በጅጋ ያለው የአየር ግፊት በጅቡቲ ወደብ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል።

በናፍጣ ሞተር፣ በተለይም በቀደሙት የጭነት መኪናዎች ላይ፣ ፓምፕ ማለት ነዳጁን መጥኖ፣ ጨምቆና ጊዜውን ጠብቆ ወደ እያንዳንዱ ኖዝል የሚልክ ከባድና ውድ መሣሪያ ነው። ኖዝሉ እንዲከፈት 200 ባር ገደማ ግፊት ይጠይቃል፤ አንድ ባር በባሕር ጠለል ላይ ካለው የአየር ግፊት ጋር የሚቀራረብ መለኪያ ነው። የናፍጣ ሞተር በተለመደው አሠራሩ የአየር መቆጣጠሪያ በር ስለሌለው የሚችለውን ያህል አየር ሁልጊዜ ይስባል፤ አሽከርካሪው ፔዳሉን ሲረግጥ የሚጨምረው ነዳጅን ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ ትርፍ አየር ስላለ ነገሩ ነፋስ የጠገበ፣ ማገዶ ግን ያነሰበት ምድጃን ይመስላል፤ እንጨት በተጨመረ ቁጥር እሳቱ ይበረታል። ስለዚህ የመጨረሻውን የነዳጅ መጠን የሚወስነውን ብሎን ማኅተሙን ሰብሮ ያዞረ መካኒክ በእርግጥም ጉልበት ያገኛል፤ ትርፉ አየር ባለቀበት ቅጽበት ግን የሚጨመረው ነዳጅ ጥላሸት ሆኖ በጭስ ማውጫው ይወጣል፣ የጭሱም ሙቀት ቴስታታውንና ቫልቮቹን ያሰቃያል። በከፍታ ቦታ ትርፉ ቀድሞውንም አነስተኛ ስለሆነ ይህ ወሰን ቶሎ ይደርሳል፤ የአባይን በረሃ አቋርጦ ወደ ደጀን የሚወጣ መኪና ዳገቱ ሊያልቅ ሲል ጭሱ የሚጠቁረው በዚሁ ምክንያት ነው።

በቤንዚን ሞተር ነገሩ ይገለበጣል። ፔዳሉ የሚከፍተው የአየሩን በር ነው፤ የሞተሩ ኮምፒውተር የገባውን አየር ለክቶ ለዚያው የሚመጥን ነዳጅ በኢንጀክተሮቹ በኩል ይመድባል። ፓምፑ በሰልባትዮው ውስጥ ተነክሮ የሚቀመጥ፣ በእጅ መዳፍ የሚያዝ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሲሆን፣ ተግባሩም ቤንዚኑን ከ3 እስከ 4 ባር በሚደርስ ግፊት በማጣሪያው አሳልፎ ኢንጀክተሮቹ እስከ ተሰኩበት ቧንቧ ማድረስ ብቻ ነው። አይመጥንም፤ ጊዜም አይጠብቅም። ለእነዚህ ሁለት አካላት የተለያየ ስም ቢወጣ ብዙ ውዥንብር በጠራ ነበር፤ እዚህ የናፍጣው "መጣኝ ፓምፕ"፣ የቤንዚኑ "አቅራቢ ፓምፕ" እየተባሉ ይጠራሉ፤ ስሞቹ የጋራዥ ቃል ባይሆኑም ሥራቸውን በትክክል ይናገራሉ።

አቅራቢው ፓምፕ ጉልበት የማይሰጥ መሆኑን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። 1,500 ሲሲ ሞተር በደቂቃ 6,000 ዙር ሲሽከረከር፣ በየሁለት ዙሩ ሲሊንደሮቹን አንድ ጊዜ ስለሚሞላ፣ በጣም ቢቀናው በደቂቃ 4,500 ሊትር አየር ይስባል። ይህ በባሕር ጠለል ላይ 5.4 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ለጉልበት ሲባል ከመጠኑ ትንሽ ወፈር የሚለው ድብልቅ፣ ማለትም ለ12.5 ኪሎ አየር 1 ኪሎ ቤንዚን፣ ቢመረጥ ፍጆታው በሰዓት 35 ሊትር ገደማ ይሆናል። ያው ሞተር በጅጋ አየር የሚፈልገው ግን 28 ሊትር ብቻ ነው። በማሻሻያ ዕቃ ገበያ እጅግ የታወቀው አቅራቢ ፓምፕ በሰዓት 255 ሊትር የሚሰጥ ነው፤ እንዲህ ያለው ፓምፕ በዚህ ሞተር ላይ ቢገጠም 227 ሊትሩ ምንም ሳይሠራ በመመለሻው መስመር ወደ ሰልባትዮው ይፈስሳል። ከአንድ ምጣድ በላይ የማያግል እሳት ይዞ ሦስት ቡሃቃ ሊጥ ማቡካት የእንጀራውን ቁጥር እንደማይጨምር ሁሉ፣ አየር ሳይጨመር ነዳጅ ማቅረብም ፋይዳ የለውም።

ታዲያ ትልቅ ፓምፕ ፈጽሞ አያስፈልግም ማለት ነውን? ያስፈልጋል፤ የሚያስፈልግበትን ቦታ ለመረዳት ግን ብዙዎች አልፈውት የሚሄዱትን ሬጉሌተር የተባለውን ትንሽ ዕቃ በደንብ ማየት ይገባል፣ የነዳጅ አቅርቦት ምሥጢር ሁሉ ያለው እዚያ ነውና። ኢንጀክተር በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ጠባብ በር ነው። በአንድ ወገኑ በቧንቧው ውስጥ ያለው የቤንዚን ግፊት፣ በሌላው ወገኑ ሞተሩ በሚስበው የአየር መንገድ ውስጥ ያለው ግፊት ይገፉታል፤ በበሩ የሚያልፈውን ቤንዚን የሚወስነው የሁለቱ ልዩነት እንጂ የአንዱ ብቻ ግፊት አይደለም። በሁለት የመስኖ ቦዮች መካከል ያለ መዝጊያ ሲከፈት የውኃው ፍጥነት የሚወሰነው የላይኛው ቦይ ከታችኛው ምን ያህል ከፍ እንዳለ ነው፤ የታችኛው ቦይ ከሞላ የላይኛው ቢጥለቀለቅም ውኃው ይዘገያል። ፍሰቱም ከግፊቱ ልዩነት ጋር እኩል አያድግም፤ ልዩነቱ እጥፍ ሲሆን ፍሰቱ 1.41 ጊዜ ብቻ ይሆናል።

ኮምፒውተሩ ኢንጀክተሩን ለስንት ሺኛ ሰከንድ እንደሚከፍት ሲያሰላ ይህ ልዩነት የማይናወጥ መሆኑን አምኖ ነው። በብዙ መኪናዎች ላይ እምነቱን የሚጠብቀው ሬጉሌተሩ ሲሆን፣ ከአየር መንገዱ ጋር በቀጭን ጎማ ተያይዞ የአየሩ ግፊት ሲወርድ የቤንዚኑንም ያወርዳል፣ ሲወጣም ያወጣል። ሞተሩ ያለ ጭነት ሲሠራ የአየር መንገዱ ከውጭው አየር በግማሽ ባር ዝቅ ቢል የቧንቧው ግፊት 2.5 ባር፣ የአየሩ በር ወለል ብሎ ሲከፈት 3 ባር ይሆናል፤ ልዩነቱ ግን ሁልጊዜ 3 ነው።

አሁን ቱርቦ ተገጠመ እንበል። ቱርቦ አየሩን ጨምቆ በ1 ባር ትርፍ ሲያስገባ የታችኛው ቦይ ሞላ ማለት ነው። የሬጉሌተሩ ጎማ ካልተያያዘ ወይም ከተቀደደ ልዩነቱ ወደ 2 ባር ይወርድና ኢንጀክተሩ ከሚገባው 18 በመቶ ያነሰ ቤንዚን ይረጫል፤ ያውም ሞተሩ የቀድሞውን እጥፍ ያህል አየር በዋጠበት በዚያው ሰዓት። የሳሳው ድብልቅ እጅግ ይሞቃል፣ ካንዴላው ያላቀጣጠለው ክፍል በራሱ ይፈነዳል፣ ፒስተኑም ሊቀልጥ ይችላል። ጎማው በትክክል ከተያያዘ ደግሞ ሬጉሌተሩ ግፊቱን ወደ 4 ባር ከፍ ያደርጋል፤ ከወንዝ ውኃ የሚቀዳ ሰው ዳገቱ ሲረዝምበት በቀን የሚመላለስበት ቁጥር እንደሚቀንስ፣ ፓምፑም ግፊቱ ሲበዛበት የሚያቀርበው ሊትር ይቀንሳል። ፍላጎት ሲጨምር አቅም የሚቀንስበት ይህ መጋጠሚያ ነው ለትልቅ ፓምፕ እውነተኛው ቦታ። እንዲህም ሆኖ ኢንጀክተሮቹ ጠባብ ከሆኑ ከንቱ ነው፤ በ6,000 ዙር አንዱ ዑደት የሚፈጀው 20 ሺኛ ሰከንድ ብቻ በመሆኑ ከዚያ በላይ ተከፍቶ መቆየት አይቻልም። በቀጭን አሮጌ ሽቦ የተያያዘ ትልቅ ፓምፕም የሚደርሰው ቮልት ስለሚወርድ ከትንሹ ላይሻል ይችላል።

ድብልቁ ምን ያህል መወፈር አለበት በሚለው ላይ ባለሙያዎች አይስማሙም። ከተጠቀሰው 12.5 በታች መውረድ ሞተሩን ያቀዘቅዛል የሚሉ አሉ፤ ቤንዚን ሲተን ሙቀት መውሰዱም እውነት ነው። ጥቅሙ ግን በሞተሩ ቅርጽ፣ በቤንዚኑ ኦክቴንና ካንዴላው በሚተኩስበት ጊዜ ስለሚለያይ፣ የተረፈው ቤንዚንም ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ዘይቱን ስለሚያጥብ፣ ለአንድ ሞተር የተገኘን ቁጥር ለሌላው ማውረስ አይገባም። ስለ ኤታኖልም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያሻል። ከፊንጫና ከመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች የወጣ ኤታኖል በአዲስ አበባ በመጀመሪያ 5፣ በኋላም 10 በመቶ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ይሸጥ በነበረበት ጊዜ ቅልቅሉ ድብልቁን አሳስቶ ሞተር ይጎዳል የሚል ስጋት ነበር። 10 በመቶው ቅልቅል ድብልቁን 4 በመቶ ያህል እንደሚያሳሳ እሙን ነው፤ ነገር ግን ለባሕር ጠለል የተቃኘ ካርቡራተር፣ ማለትም በቀደሙት መኪናዎች በኢንጀክተር ፈንታ ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ዕቃ፣ በ1,900 ሜትር ላይ 10 በመቶ ገደማ ስለሚያወፍር፣ እንዲህ ባለ መኪና ላይ ቅልቅሉ ትርፉን ይቀንሳል እንጂ ጉድለት አይፈጥርም። ካርቡራተሩ ለከፍታው አስቀድሞ ከተስተካከለ ግን ይህ መከራከሪያ አይሠራም፤ ኤታኖል ውኃ የመሳብና በሰልባትዮ ውስጥ የቆየ ዝቃጭ የማስለቀቅ ጠባዩም አይካድም።

ዝቃጭ ከተነሣ፣ በጄሪካንና በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጥ ቤንዚን ከሚያመጣው አፈርና ውኃ የበለጠ የአቅራቢ ፓምፕ ጠላት የለም። የተደፈነ ማጣሪያ የተዳከመ ፓምፕ ይመስላል፤ ብዙ ጤነኛ ፓምፕም በማጣሪያ ጥፋት ሊለወጥ ይችላል። ፓምፑ የሚቀዘቅዘው በዙሪያው ባለው ቤንዚን ስለሆነ ሰልባትዮው ሊደርቅ ሲል መንዳትም ይጎዳዋል።

የነዳጅን ጉድለት ከአየር ጉድለት የሚለይ ምርመራ ግን አለ። ቱርቦ በሌለው መኪና የኢንጀክተር ቧንቧ ላይ የግፊት መለኪያ ገጥሞ ከአባይ ድልድይ እስከ ደጀን ያለውን ዳገት ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረግጦ መውጣት ይበቃል። በዚህ መንገድ ከፍታው በ1,400 ሜትር ያህል ይጨምራል፣ የአየሩም ግፊት በስድስተኛ እጅ ገደማ ይቀንሳል። መርፌው ከ3 ባር እየወረደ ከሄደ ፓምፑ፣ ማጣሪያው ወይም ሽቦው ይጠየቃል። መርፌው ሳይነቃነቅ ጉልበቱ ብቻ ከቀነሰ ግን ፓምፑ የሚገባውን አድርሷል፤ የጎደለው አየር ነው።