በቴኒስ ስፖርት ተጫዋቾችን ለድል ሲቃረቡ የሚፈትነው የአእምሮ ጫና

የሜዳ ቴኒስ በሰዓት የማይገደብ ስፖርት ነው፡፡ በእግር ኳስ የሚመራ ቡድን የቀሩትን ደቂቃዎች በመከላከል ሊያሳልፍ ይችላል፡፡ የቴኒስ ተጫዋች ግን የቱንም ያህል ቢመራ የመጨረሻዋን ነጥብ እስካላገኘ ድረስ አሸናፊ አይባልም፡፡ በዚህም ምክንያት የአእምሮ ጫናው ብዙ ጊዜ የሚበረታው ተጫዋቹ ለሽንፈት ሲቃረብ ሳይሆን ድል በእጁ ልትገባ ስትል ነው፡፡

ለዚህ በምሳሌነት የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1993 የተካሄደው የዊምብልደን የሴቶች የፍጻሜ ጨዋታ ነው፡፡ የቼክ ሪፐብሊኳ ያና ኖቮትና ጀርመናዊቷን ስቴፊ ግራፍን በሦስተኛውና በወሳኙ ዙር 4 ለ 1 እየመራች፣ ውጤቱን 5 ለ 1 ለማድረስ አንዲት ነጥብ ብቻ ቀርቷት ነበር፡፡ በዚያች ነጥብ ላይ በስፖርቱ አጠራር ሰርቭ የሚባሉትን ሁለቱንም የመክፈቻ ምቶቿን አበላሸች፡፡ ከዚያ በኋላ ስህተቶቿ ተደራረቡ፤ ግራፍ አምስት ጌሞችን በተከታታይ ወስዳ 7 ለ 6፣ 1 ለ 6 እና 6 ለ 4 አሸነፈች፡፡ ኖቮትና በሽልማት ሥነ ሥርዓቱ ላይ በኬንት መስፍን ባለቤት በካትሪን ትከሻ ላይ ተደፍታ ስታለቅስ የሚያሳየው ፎቶግራፍ በመላው ዓለም ተሠራጭቷል፡፡

የዓመታት ልምምድ ውጤት የሆነ ችሎታ በደቂቃዎች ውስጥ እንደማይጠፋ ግልጽ ነው፡፡ የተለወጠው የሰውነትና የትኩረት ሁኔታ ነው፡፡ ሰው በሚፈራበት ጊዜ ሰውነቱ አድሬናሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ የልብ ምት ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ የትከሻና የክንድ ጡንቻዎች ይገተራሉ፡፡ ራኬቱን አጥብቆ የጨበጠ እጅ ደግሞ ምቱን እስከ መጨረሻው አይዘረጋም፡፡ ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው በሰርቭ ላይ ሲሆን፣ ይህም ተጫዋቹ ከቆመበት ሆኖ፣ ለማሰብ በቂ ጊዜ እያለው የሚመታው ብቸኛ ምት በመሆኑ ነው፡፡

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሮይ ባውማይስተር እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት፣ ጫና ሲበረታ ሰው በልምድ ያለሐሳብ ያከናውነው የነበረውን ተግባር ደረጃ በደረጃ መከታተል እንደሚጀምርና አፈጻጸሙም በዚሁ እንደሚበላሽ አመልክተዋል፡፡ ደረጃ እየወረደ እግሩን መቁጠር የጀመረ ሰው እንደሚደናቀፍ ማለት ነው፡፡ በመሆኑም ለተጨነቀ ተጫዋች ከሜዳው ዳር «ተጠንቀቅ» ብሎ መጮህ፣ ምንም እንኳ በቅን ልቦና ቢሆን፣ የሚጠቅመው ጥቂት ነው፡፡

መፍትሔውን በነጥቦች መካከል ባለው ጊዜ ውስጥ ከፈለጉት ባለሙያዎች አንዱ አሜሪካዊው የስፖርት ሥነ ልቦና ባለሙያ ጂም ሎኸር ናቸው፡፡ በቴኒስ ግጥሚያ ውስጥ ኳሷ በጨዋታ ላይ የምትሆንበት ጊዜ ከዕረፍቱ ያነሰ ነው፡፡ በአሁኑ ደንብ በሁለት ነጥቦች መካከል 25 ሰከንድ፣ በሜዳ ቅያሪ ጊዜ ደግሞ 90 ሰከንድ ይፈቀዳል፡፡ ሎኸር ታላላቅ ተጫዋቾች ይህን ጊዜ እንዴት እንደሚያሳልፉት ካጤኑ በኋላ 16 ሰከንድ ያህል የሚወስድ ሥርዓት ነድፈዋል፡፡ ተጫዋቹ ነጥቡ እንዳበቃ ፊቱን ከመረቡ መልሶ፣ ራኬቱን ወደማይመታበት እጁ አዛውሮ፣ ቀና ብሎ ይራመዳል፡፡ ዓይኖቹን በራኬቱ ክሮች ላይ አሳርፎ በረዥሙ ይተነፍሳል፡፡ ቀጥሎ ውጤቱን ያስታውሳል፤ ኳሷን ወዴት እንደሚልካትም ይወስናል፡፡ በመጨረሻ ሁልጊዜ የሚያደርገውን፣ ለምሳሌ ኳሷን የተወሰነ ጊዜ መሬት ላይ ማንጠርን፣ ደግሞ ይጀምራል፡፡ ተመልካች እንደ ከንቱ ልማድ የሚቆጥረው ይህ ድርጊት ሐሳብን ካለፈው ስህተትና ከሚመጣው ዋንጫ ወደ አንዲቱ ነጥብ የሚመልስ ነው፡፡

ሥርዓቱ ግን በፍጻሜ ቀን የሚለመድ አይደለም፡፡ አሠልጣኞች በልምምድ ላይ ጌሙን ከመመራት ማስጀመርን ወይም አንድ ሰርቭ ብቻ መፍቀድን የሚመርጡት ተጫዋቹ ከጫናው ጋር አስቀድሞ እንዲተዋወቅ ነው፡፡ ኖቮትናም እ.ኤ.አ. በ1997 በማርቲና ሂንጊስ ዳግም በፍጻሜ ከተሸነፈች በኋላ በ1998 በ29 ዓመቷ ፈረንሳዊቷን ናታሊ ቶዚያን 6 ለ 4 እና 7 ለ 6 አሸንፋ ዋንጫውን ወስዳለች፡፡ ኖቮትና በ2017 በካንሰር ሕመም ሕይወቷ አልፏል፡፡

ከሜዳ ውጪ የሚከተለው ጫና ግን ሌላ ጉዳይ ነው፡፡ ጃፓናዊቷ ናኦሚ ኦሳካ እ.ኤ.አ. በ2021 በፈረንሳይ ኦፕን ከጋዜጣዊ መግለጫ በመቅረቷ 15 ሺህ ዶላር ተቀጥታለች፤ በማግስቱም ከ2018 ወዲህ በተደጋጋሚ ድብርት እንደገጠማት ገልጻ ራሷን ከውድድሩ አግልላለች፡፡ እንዲህ ያለው ሁኔታ በትንፋሽ ልምምድ የሚታለፍ ሳይሆን የሐኪም ክትትል የሚያሻው ነው፡፡ ተጫዋቹን በሜዳ ላይ ብቸኛ ያደርገው የነበረውን ደንብ በተመለከተ፣ ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ከሜዳው ውጪ የተቀመጠ አሠልጣኝ በነጥቦች መካከል ምክር እንዲሰጥ ፈቅዷል፡፡